ሠላሳ የፈረስ ጉልበት ለብልባላ ወፍጮ

ነሐሴ 21
ዝናብ። ካልሲዬ ሦስተኛ ቀኑ፣ አልደርቅ ብሏል። ጄነሬተሩ ዛሬ ብልባላ ገባ፤ ከቆቦ ቆላ በትራክተር እየተጎተተ። ሰሌዳው 30 ኪ.ቮ.አ.፣ ኪሎ ቮልት አምፔር፣ ይላል። የወፍጮው አዲስ ሞተር ደግሞ 30 የፈረስ ጉልበት። ካድሬው፣ ጓድ መ.፣ ሠላሳ ለሠላሳ፣ እኩል ለእኩል ነው ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ሳቄን ዋጥኩ። የፈረስ ጉልበት ሞተሩ የሚያወጣው ጉልበት፣ ኪ.ቮ.አ. ጄነሬተሩ የሚያቀርበው ኃይል መሆኑን፣ ሁለቱ በአንድ መስፈሪያ እንደማይሰፈሩ አስረዳሁት። እዚያው ቆሜ በ0.746 አባዛሁ። 22። እንዲያውም 8 ይተርፋል አልኩት። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ እሱ ማኅተም መታበት። የመብራት ባለሙያ እኮ ነኝ! ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ነሐሴ 25
አሮጌው ናፍጣ ሞተር ሰኔ ላይ ከተሰበረ ወዲህ ሴቶቹ እህል በአህያ ጭነው ላሊበላ ይወርዳሉ፤ አህያ የሌላት በእጇ ትፈጫለች። እትዬ ብርቄ ባየችኝ ቁጥር መዳፏን ዘርግታ ውሃ የቋጠረውን ታሳየኛለች። መቼ ነው? ትላለች። ለአብዮት በዓል፣ መስከረም 2፣ እላታለሁ። የመጀመሪያው ጤፍ የእሷ እንዲሆን ሴቶቹ ተስማምተዋል፤ ባሏ የሞተባት እሷ ናት።

ጋሼ ሞላ ዛሬ ነገር አነሡብኝ። ወፍጮው ድሮ የእሳቸው ነበር። ገበሬ ማህበሩ ከወረሰው በኋላ መልሶ በፈጪነት ቀጠራቸው፤ ድንጋዩን በጆሮ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለማ። ቆላ የሚጎለብት ሞተር እዚህ ደጋ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ የኔም እንደዚያ ነበር፣ አሉኝ። እሺ ጋሼ፣ ብዬ አለፍኳቸው። ማን ጠየቃቸው?

ነሐሴ 28
ኧረ አፈር ልብላ!

የኮርስ ደብተሬን ለሌላ ነገር ስፈልግ የሞተር ስሌቱ ገጽ ራሱ ተከፈተ። 22 የተባለው ከሞተሩ ዘንግ የሚወጣው ብቻ ነው፣ ያውም በኪሎ ዋት። ሞተሩ ራሱ የሚያባክነው አለ፤ ለ0.87 ሲካፈል 26 ገደማ። ከዚያ ደግሞ ሞተሩ ስቦ ለሚመልሰው ጅረት ሲባል ለ0.8 መካፈል አለበት፤ ያኔ ነው ኪ.ቮ.አ. የሚሆነው። 32! እኔ ደደቡ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆሜ ፈረምኩ። ሲነሣ የሚስበው ደግሞ የዚህ ሁሉ ብዙ እጥፍ ነው።

ጄነሬተሩስ? 30 የሚሰጠው ቆላ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ 25 ከሰጠ ተመስገን። ጋሼ ሞላ ያለ እርሳስ ያወቁትን እኔ በእርሳስ ሳትኩት። እህል ከተጨመረበት ይቃጠላል። ምሳ አልበላሁም።

ጳጉሜን 1
ጓድ መ. ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኩት። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። እንግዶች ከወልድያ ይመጣሉ፣ ሪባኑ ተገዝቷል፣ ፕሮግራሙ አይታጠፍም፣ አለኝ። ከተቃጠለስ? ብዬ ጠየቅኩ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ከተቃጠለ ማብሪያው ላይ የቆመው የቀድሞ ባለወፍጮ ነው፤ አሻጥር ለመሆኑ ማን ይጠራጠራል? ያንተን ወረቀት ማን ያስታውሳል? ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ደብተሬ፣ ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። እሺ ጓድ ብዬ ወጣሁ። በዚህ አፌ! በአሻጥር ተይዞ የተመለሰ ሰው አላውቅም።

ጳጉሜን 3
ጋሼ ሞላ ድንጋዩን ሲወቅሩ ዋሉ። ደስ ብሏቸዋል፣ ያንጎራጉራሉ። ለበዓሉ ብለው ጋቢያቸውን አሳጥበዋል። ቀስ ብዬ ሞተሩን ባዶውን ማስነሣት እንደሚሻል ነገርኳቸው። እሱን እኔም አውቃለሁ ልጄ፣ ግን እንግዶቹ ዱቄት ወዲያው ይውረድ ብለዋል፣ አሉ። ከዚያ ዓይኔን አዩኝ፤ አሞሃል እንዴ? አሉኝ። አዎ አልኩ። እቤታቸው ወስደው ሾርባ አጠጡኝ። ሰው እንዴት የሚያስበላውን ሰው ሾርባ ይጠጣል?

ጳጉሜን 5
ግምጃ ቤት 20 የፈረስ ጉልበት ሞተር ተቀምጧል። አሰላሁ፣ በደንብ፣ እስከ መጨረሻው፣ ሁለት ጊዜ። 21 ኪ.ቮ.አ. ይመጣል። ባዶውን ከተነሣ ይችላል። ቀስ ብሎ ይፈጫል እንጂ ይፈጫል። ለመቀየር ሁለት ሳምንት ቢበዛ። ለጓድ መ. ወረቀቱን ሰጠሁት። ሳያነብ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

መስከረም 1፣ ከሰዓት በኋላ
አበባዮሽ እያሉ ልጃገረዶች በር ላይ ናቸው። ከፍቼ ብር ሰጠኋቸው፣ ፊታቸውን አላየሁም።

በካርቦን አራት ቅጂ ጻፍኩ። 22 ያልኩት ስህተት ነው፣ 32 ነው፣ ስህተቱ የኔ ነው፣ ፈጪው አስቀድመው አስጠንቅቀውኛል፣ 20ው ይተከል። አንዱ ለጓድ መ.፣ አንዱ ነገ ለወልድያ እንግዶች በእጄ የምሰጠው፣ አንዱ ለገበሬ ማህበሩ። አራተኛውን ለጋሼ ሞላ ወስጄ አነበብኩላቸው፤ ማንበብ አይችሉም። አጥፈው ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። አንተስ? አሉኝ። ወፍጮው ስለዘገየ እትዬ ብርቄ ትቆጣለች አልኳቸው። እሱን አይደለም የጠየቅኩህ፣ አሉ።

ወረቀት ግን መሳቢያ ይገባል። አይቻለሁ። ስለዚህ አሁን ከወፍጮ ቤት መመለሴ ነው። ሦስቱንም ፊውዝ ፈትቻለሁ። ነገ ጋሼ ሞላ ማብሪያውን ቢጫኑ ምንም አይነሣም፣ ምንም አይቃጠልም። የጎደለውን ሲፈልጉ እሳቸውን እንዳይፈትሹ ፊት ለፊት፣ እንግዶቹ አጠገብ ቆሜ እኔ ነኝ እላለሁ። ፊውዞቹ ኮቴ ቀኝ ኪስ ውስጥ ናቸው።