ከዳቦ ምድጃችን ስለታገዱት የጫማ ገበሮቼ

ለክብርት ወይዘሮ ኖትቡርጋ ክሎትስ፣ የኦበርግራት መንደር የጋራ ምድጃ ኮሚቴ ሰብሳቢ
በምድጃው ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ በኩል፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያነበው

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ጉልበትዎም፣ ዶሮዎችዎም፣ ከጣሪያ የወረደው በረዶ ያጎበጠው የጓሮ አጥርዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አለኝ። እኔ በኮሚቴዎ መልካም ፈቃድ በጣም ደህና ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምሄድበት ስለሌለኝ ጥሩ ዕረፍት አግኝቻለሁ፤ ዕረፍቱን ያልጠየቅሁት መሆኔ ምስጋናዬን ቅንጣት አይቀንሰውም።

ኮሚቴው ከገና ማግስት ተሰብስቦ እኔን፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ሰውን ወደ ተራራው ከሚያወጣው የገመድ መኪና ሥራ ጡረታ የወጣሁትን ቪጊል ራይንታለርን፣ እስከ መጪው ገና ድረስ ወደ ምድጃው እንዳልቀርብ ማገዱንና እሳት ከሚያነዱት ተረኞች መካከል ስሜን መሰረዙን በአክብሮት ተረድቻለሁ። ውሳኔው ትክክል እንደሆነ መንደሩ በሙሉ ይስማማል። እኔም ለመስማማት ሞክሬ ነበር። ነገር ግን ይህን ያህል ሰው በተስማማበት ጉዳይ አንድ ሰው እንኳ ቅር ካላለው ነገሩ አያምርበትም ብዬ፣ ቅሬታዬን በቁጥር ለይቼ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ። በውሳኔው ላይ የስኪ ጫማዬ ገበሮች «ንጽሕናው የማይታወቅ ባዕድ ነገር» ተብለዋል። ንጽሕናቸውማ በሚገባ ይታወቃል፤ ችግር የፈጠረውም መታወቁ ነው። ባዕድ ናቸው መባሉን ግን አልቀበልም። እነዚህ ገበሮች ወደ መንደራችን የገቡት አሁን ያሉት ቄሳችን ከመሾማቸው በፊት ነው፤ ተራራውንም ከቄሱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ወጥተው ወርደዋል። ሰሌዳውን የሚያነቡ የከተማ እንግዶች ስላሉ ለእነሱ ስል ላስረዳ፤ በበረዶ ላይ ለመንሸራተት የሚደረገው የስኪ ጫማ ከውጭ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ ከውስጡ ግን ተስቦ የሚወጣ ለስላሳ የስፖንጅ ጫማ አለው። ይህ ገበር ሲሞቅ እንደ ሊጥ ይላላል፤ ትኩስ እንዳለ እግርን ከትቶ፣ ጫማውን ቆልፎ፣ ሳይነቃነቁ ቢቆሙበት የእግርን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ስፖንጁ እየተጨፈለቀ ይሳሳና እግር ውስጡ መዋኘት ይጀምራል። የእኔ እዚያ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። እኔ ወደ ግራ ስታጠፍ ጫማው ጉዳዩን ገና ያስብበት ነበር።

በሸለቆው ከተማ ያለው ወጣት ሻጭ ገበሮቼን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ «አባባ፣ እነዚህ እኮ ሞተዋል» አለኝ። ምናልባት እውነቱን ነው። ግን አዲስ ጫማ ለእኔ እግር አይሆንም። በቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ላይ እንደ ሁለተኛ ቁርጭምጭሚት የበቀለ እብጠት አለ፤ የሞቱት ገበሮች ያንን እብጠት ያውቁታል፣ አዲሶቹ ግን ገና ሲተዋወቁት ያስለቅሱኛል። ለእንግዶች ስናገር በበረዶ ናዳ የተሰበረ ነው እላለሁ። እርስዎ ግን በጡረታ መሸኛዬ ዕለት ኬክ ተሸክሜ ከገመድ መኪናው ደረጃ ላይ ስከነበል በዓይንዎ አይተውኛል፤ እስከ ዛሬ ዝም ስላሉልኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። ኮሚቴው «እንዲህ ያለውን ሥራ በቤቱ ይሥራ» ብሎ መክሮኛል። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ከመምከራችሁ በፊትም ሞክሬዋለሁ። እያንዳንዱ ቀን ሲያልቅ ገበሮቹን ከፕላስቲኩ አውጥቼ ከምድጃ አርቄ አደርቃለሁ። የተተረተረውን ስፌት በፕላስተር አሽጌአለሁ፤ ከተረከዙ ሥር ወፍራም የሱፍ ቁራጭ አንጥፌአለሁ፤ ለእብጠቴም ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ ቀለበት ሠርቼለታለሁ። ይህ ሁሉ ዕድሜ ይጨምራል፤ የተጨፈለቀውን ስፖንጅ መልሶ የሚያስነሣው ግን ሙቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ብልሆቹ እንደሚያደርጉት ሩዝ በካልሲ ሞልቼ፣ ካልሲውን አሙቄ፣ ገበሩ ውስጥ ልክተት ተነሣሁ። ብልሆቹ ካልሲውን መቼ እንደሚያወጡት ያውቃሉ። የእኔ ሩዝ አርሮ፣ ካልሲው ጨሶ፣ ጎረቤቴ ኮርቢኒያን ባልዲ ውሃ ይዞ በሬን በርግዶ ገባ። እሳት እንደሌለ ካረጋገጠ በኋላ የሆነውን እንኳ ሳይጠይቀኝ «ምንም ይሁን ምን፣ ለእራት እንዳትጠራኝ» ብሎኝ ወጣ። የወጥ ቤቴ ምድጃ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሥራ እምብዛም አይመችም።

ሦስተኛ። ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዳቦው ከወጣ በኋላ በጋራ ምድጃችን ውስጥ የሚቀረው ሙቀት ማንንም የማይጎዳ፣ ዝም ብሎ የሚባክን ሙቀት መስሎኝ ነበር። እንደ መንደራችን ወግ ቁንጥር ዱቄት ወደ ውስጥ በተንሁ፤ ዱቄቱ ቢጠቁር ምድጃው ከልክ በላይ ይፋጃል፣ ቡናማ ቢሆን ለዳቦ ነው፣ ነጭ ሆኖ ቢቀር ምድጃው በርዷል። ነጭ ሆኖ ቀረ። እኔም የዱቄቱን ምስክርነት አምኜ ገበሮቼን አስገባሁ። ዱቄት ስለ ስፖንጅ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ያኔ አልታየኝም። ከምድጃው ጥግ ደግሞ በእንጨት ርብራብ ላይ ተደርድሮ የሚደርቅ የፒር ፍሬ እንዳለ፣ ፍሬውም የእርስዎ እንደሆነ፣ በገናውም ዳቦ ውስጥ ሊጋገር የታሰበ እንደሆነ ዱቄቱ አልነገረኝም። ጨለማ ነበር እላለሁ። ኮርቢኒያን ደግሞ ባትሪ በእጄ እንደነበረ ይመሰክራል። ሁለታችንም እውነት ተናግረናል፤ ባትሪውን አላበራሁትም።

ቶሎ ማውጣት ሲገባኝም ከደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የገመድ መኪናው በማዕበል መካከል ተሰቅሎ ስለቀረበት ቀን መተረክ ጀመርሁ። ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም ግን አላስቆመኝም፤ በዚህ በኩል ጥፋቱን የወንበሩ ሰዎች ቢጋሩኝ ደስ ይለኛል። ስመለስ ገበሮቼ እንደ ተቦካ ሊጥ ኩፍ ብለው ጠበቁኝ። የስንት ክረምት ላባቸውንም ለጎረቤቶቻቸው ለፒሮቹ አካፍለው ነበር።

የቀረውን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ፣ እንደ ልማዳችን፣ የገናውን ዳቦ ቄሱ ቀድመው ቀመሱ። ረጅም ጊዜ ሲያላምጡ ቆዩ። ከዚያም በየዋህነት «ዘንድሮ አይብ ጨመራችሁበት እንዴ?» ብለው ጠየቁ። የፊትዎን መለዋወጥ አየሁ። ሁሉም ሰው በጨዋነት ያላምጥ ነበር፤ እኔማ ሁለተኛ ቁራሽ አንስቼ እንዲህ ያለ ዳቦ በልቼ አላውቅም አልሁ፣ ያልሁትም እውነት ነበር። ኮርቢኒያን ግን ቁራሹን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ፣ መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረና «ይቺን ሽታማ አውቃታለሁ። ከቪጊል ጋር አንድ የገመድ መኪና ውስጥ ስሠራ ነው ያረጀሁት» አለ። እርስዎም ብድግ ብለው እግሬን አዩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬን ያላየ የመንደሩ ሰው የለም።

አራተኛ። አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ። ጠዋት ሳስበው በጣም ጠንካራ ነበር፤ ምሳ ከበላሁ በኋላ ግን መርምሬ የራሴ ጥፋት ሆኖ ስላገኘሁት ትቼዋለሁ።

ከቅሬታ ወደ ምስጋና ልለፍ። ገበሮቹ ድነዋል። በጥምቀት ሰሞን ከላይኛው የገመድ መኪና ጣቢያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አንድም ጊዜ ተረከዜ ሳይነሣ፣ ጣቴ ሳይመታ ወረድሁ፤ ወደ ግራ ስል ጫማው ወደ ግራ አለ። መታጠፊያው ላይ ቆም ስል ከእግሬ የፒር መዓዛ ሽቅብ ይመጣ ነበር። በእኛ ተራራ ላይ እግሩ የገና ዳቦ የሚሸት ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ስለ ፍሬዎ ጥራት እግዜር ይስጥልኝ። ታች ደርሼ ጫማዬን ፈታሁና የሆነውን የምነግረው ሰው ፈለግሁ። ቅዳሜ ነበር። ሁሉም ምድጃው ጋ ነበሩ።

ክብርት ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁመው። ባለቤቴ ሮስቪታ ከሞተች ወዲህ አንድ ሙሉ ዳቦ በሳምንት አልጨርስም፤ ግማሹ ለዶሮዎችዎ እንደሚሰጥ እርስዎም ያውቃሉ። ወደ ምድጃው የምመጣው ለዳቦ አይደለም። ከላይ በሁለተኛው ቁጥር ስለ ወጥ ቤቴ ምድጃ የጻፍሁትም ትክክል አይደለም። ምድጃው ደህና ነው፤ ሮስቪታ ራሷ መርጣ የገዛችው ነው፣ ሙቀቱን በቁጥር ይሞሉለታል፣ የሞሉትንም ይጠብቃል። ገበሮቼን እዚያ ያለ ዱቄት፣ ያለ ፒር፣ ያለ ቄስ ማሞቅ እችል ነበር። ግን ትኩስ ገበር ውስጥ ቆሞ እስኪበርድ የሚጠብቅ ሽማግሌ፣ እጁን አንጠልጥሎ፣ እንደ ሐውልት ተገትሮ፣ በባዶ ወጥ ቤት ውስጥ ሲታይ የሚያስቅ ነገር የለውም። ወንበሩ ፊት ሲቆም ሁሉም ይስቅበታል። እኔ የፈለግሁት ያንን ነበር። አሁን ቅዳሜ በሆነ ቁጥር በምድጃው ፊት ለፊት አልፌ ወደ ፖስታ ሳጥን እሄዳለሁ፤ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ እንደሌለ የፖስታ ሠራተኛዋም ታውቃለች።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ብቻ ነው። ምድጃው ይቅርብኝ፤ ወንበሩን ግን መልሱልኝ። ባዶ እጄን፣ በቤተ ክርስቲያን ጫማዬ እመጣለሁ። እንጨት ልፍለጥ፣ እሳቱን ሌላ ያንድደው። የገመድ መኪናውንም ታሪክ ካልተጠየቅሁ አልጀምርም፤ ከተጠየቅሁም አሳጥረዋለሁ።

የኮሚቴውን አርቆ አስተዋይነት፣ የእርስዎንም ይቅር ለማለት ያለመቸኮል ትዕግሥት እያደነቅሁ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ምንም ላላጠፉት ፒሮች ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣ እግሬን በሚገባ ታጥቤ ይህን ፈርሜአለሁ።

ቪጊል ራይንታለር
እሳት የማያነድ፣ ዳቦ የማይጋግር የኦበርግራት ነዋሪ

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ ጠዋት በሬን ስከፍት በንጹሕ የዳቦ ጨርቅ ተጠቅልሎ የተተወ አንድ ጥንድ ያረጀ የሴት ስኪ ጫማ ገበር አገኘሁ። ስምም መልእክትም አልነበረበትም። የማን እንደሆነ አልገምትም፤ በገበሩ ላይ እንደታተመው፣ የቀኝ እግሯ ትንሽ ጣት በአጠገቧ ባለችው ጣት ላይ የምትደገፍባት ሴት ግን በመንደራችን አንዲት ብቻ ናት፤ በመከር በዓል ጭፈራ ላይም ረግጣኛለች። ስፌቱን አሽጌአለሁ፤ ተረከዙን ደግፌአለሁ። የመጨረሻው ማሞቅ ብቻ ይቀራል፤ ለእሱ ደግሞ ባለቤቷ ራሷ መጥታ፣ እግሯን ከትታ፣ እስኪበርድ ድረስ ሳትነቃነቅ መቆም አለባት፤ ያንን በእኔ እግር ማድረግ አይቻልም። ሚስቱ ወደ ሞተችበት ሰው ወጥ ቤት ስትገባ መታየት የምታፍር ከሆነ፣ ገበሮቹን በቤቴ አሙቄ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ቅዳሜ ወደ አግዳሚው ወንበር ይዤላት እመጣለሁ። ለዚህ ግን ሰብሳቢዋ አስቀድማ ኮሚቴውን መሰብሰብ ይኖርባታል።