በትልቅ ተከፍቶ በትንሽ የተዘጋው ፋይል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ጠዋት ድንች ኮተኮትሁ። ከሰዓት አማኑኤል ከተማ፣ ዘር ድንች አምራቾች ማኅበራችን ቢሮ። እሑድ አዲስ ጸሐፊ ይመረጣል። ከእኔ ሌላ ማን አለ? የማታ ትምህርት ጨርሻለሁ፣ የፈረንጁንም ፊደል ትልቁን ከትንሹ ለይቻለሁ።
የኮምፒውተር ሠራተኛችን ፍቅርአዲስ የገበሬውን ስም ድረ ገጹ ላይ ታስገባለች። ስሙ ታግ በሚሏቸው ሁለት የፈረንጅ ቃላት፣ በመክፈቻውና በመዝጊያው መሃል ይቀመጣል። «አያ ባዘዘው፣ ይሞክሩት እስቲ» አለችኝ። መክፈቻውን በትልቅ ፊደል ጀመርሁ... እንግዳ ሲገባ ተነሥቶ መቀበል ነዋ! መዝጊያውን በትንሽ። ሠራ!
«ገጹ የተጻፈው በኤችቲኤምኤል ስለሆነ ነው፤ ትልቅ ትንሽ አይለይም። አዲሱ ፋይል ግን...» አለች። የኋላውን አልሰማሁም። ስለ እኔ አልነበረማ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ፍቅርአዲስ ዲማ ለቅሶ ሄደች። ቁልፉን ሰጠችኝ። «አደራ፣ አዲሱን ፋይል እንዳይነኩብኝ።»
ነካሁት። አርባ ሁለት ገበሬ በአንድ ቀን አስገባሁ፣ ሁሉንም እንደ ትናንቱ! ለባለቤቴ ለሥራነሽ ሦስቴ ነገርኋት። «ሰማሁ» አለች፣ አራተኛውን ሳልጀምር።

ዓርብ፣ ኅዳር 12
ገጹ የለም። ቀይ ጽሑፍ ብቻ። ገዢዎች ይደውላሉ። ሊቀ መንበሩ አያ ገዳሙ ጦፈዋል። «ይህች የኮምፒውተር ልጅ እሑድ ጉባኤው ፊት ትሰናበታለች!»
እኔ? «ኔትወርክ ይሆናል» አልሁ።
ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
ፍቅርአዲስ ተመለሰች። አንዴ አይታ፣ «ይህ እኮ ኤክስኤምኤል ነው። በትልቅ የተከፈተ በትልቅ ካልተዘጋ አያውቀውም። ማነው እንዲህ የጻፈው?»
ኮፍያዬን አንሥቼ ወጣሁ።
ስታርም ዋለች፣ ገጹ ተከፈተ። የአያ ገዳሙ ቁጣ ግን እንዳለ ነው።
ለሥራነሽ ተናዘዝሁ። «እንግዳውን ተነሥተህ ተቀብለህ፣ ተቀምጠህ ሸኘኸው በለኛ» አለች። «ነውር አይደለም?»
አርባ ሁለት ጊዜ ነውር...

እሑድ፣ ኅዳር 14
አያ ገዳሙ የልጅቷን ስም ሲጠሩ ተነሣሁ።
«ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አትንካ ብላኝ ነበር።»
«ኔትወርክ ነው ያልኸውስ?»
«እሱም እኔ ነኝ።»
አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፍቅርአዲስ ከሥራዋ አልተነሣችም። ከዚያ ምርጫ። ጎረቤቴ እንዳላማው ሠላሳ አንድ ድምፅ፣ እኔ አራት። አንዷ ሥራነሽ ናት። ሌሎቹን ሦስት ደፋሮች እየፈለግሁ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17
ጸሐፊው እንዳላማው አስጠራኝ። «ፋይሉን ሳላስገባው አንዴ እይልኝ እስቲ።»
አየሁለት። አራት ቦታ በትልቅ ከፍቶ በትንሽ ዘግቷል። አስተካከልሁለት።
ለማንም አልነገርሁም። ለሥራነሽ እንኳ።