የረገበው ክር

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ደባርቅ

ዛሬ ሰባተኛ ክፍሎች በገዛ እጃቸው የሠሩትን ማሲንቆ ለወረዳው ካድሬ አሳዩ። ከዚያ እኔ እየመታሁ፣ እነሱ የገጠሙትን ይሰጡኝ ጀመር። ማሲንቆ የያዘ ሰው የተሰጠውን ግጥም ተቀብሎ ያዜማል እንጂ አይመርጥም፤ ይህንንም ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ሦስቱ ስለ እርሻና ስለ አብዮቱ ሰጡኝ፤ ተቀበልኩ። ቀጥሎ ብርቄ ተነሣች። «ጋሼ፣ ይቀበሉ» አለችኝ።

ዳባት ለገበያ ወንድሜ የነዳው፣
በጉ ቤቱ ገባ፤ እሱንስ ማን ነዳው?

ወንድሟን ከገበያ አፍሰው ለውትድርና እንደወሰዱት ከተማው ሁሉ ያውቃል። ካድሬው ቀና ብሎ አየኝ። እጄ ወደ መቃኛው ሄደች። ክሩን አላላሁና «ረገበብኝ» አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ልጆቹም አይተውኛል።

ብርቄ የራሷን ማሲንቆ አንሥታ ግጥሟን ራሷ ተቀበለችው። የእሷ ክር እስከ መጨረሻው አልረገበም። ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ አስፈትቼ ያሳሰርኳት እኔ ነኝ።

ካድሬው ሲወጣ በር ላይ ስሟን ጠየቀኝ። ከነአባቷ ነገርኩት።