በአረቄ የተዘፈዘፈው ዳማከሴ

ጂንካ፣ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጆቼ እናት፤

እንደምን ከርመሻል? የዲመካ ሙቀት እንዴት አደረገሽ? ወገብሽስ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹም ደውለው ነበር፤ ሰላም ናቸው።

በቤተክርስቲያንሽ ክሊኒክ ድዳቸውን ለሚታመሙ ልትሰጪ ያሰብሽውን የዳማከሴና የቅርንፉድ መጉመጥመጫ መርምሬ እንድፈርምልሽ፣ «የሥራ ባልደረባዬ» የምትይውን ተረፈን ላክሽብኝ። ሌላ ሰው አጥተሽ ነው? ሚኒባስ ተራ ላይ፣ ተማሪዎቼ እየሰሙ፣ «ጋሼ፣ ሴትዮዋን ለቀዋል፤ ፊርማውንም ይልቀቁልን እንጂ!» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። ጋሼ የሚለኝ በሁለት ዓመት ብቻ አንሶኝ ነው።

መረመርኩት። ከአፍ የተወሰደ ባክቴሪያ ባራባሁበት ሳህን ላይ፣ ተረፈ ዘፍዝፎ ያመጣው ለማወዳደሪያ ከያዝኩት ከፋርማሲው መጉመጥመጫ እኩል ገደለ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። በኋላ ግን ጠርሙሱን ሳሸተው ጠረጠርኩና ደወልኩለት። ቅጠሉን በምን እንደዘፈዘፈው ብጠይቀው፣ «በአረቄ ነዋ፣ ጉልበት እንዲኖረው!» አለኝ ሳያፍር። ባዶ አረቄ ጨምሬ ሞከርኩ፤ እሱም እኩል ገደለ። የላብራቶሪ ረዳቴ ሱአድ፣ «መምህር፣ ባክቴሪያዎቹ ሰክረው ነው የሞቱት» አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ።

አንቺ መጠጥ በደጇ አያልፍም የምትባይ ሴት፣ ለምእመናኑ አረቄ በጠርሙስ ልታድዪ ነበር! ለቤተክርስቲያንሽ ሽማግሌዎች አንዴ ብደውል የሰውዬው ነገር ያበቃለታል። ስልኩንም አንስቼ ነበር። ግን ስሙ ሲነሳ ስምሽ አብሮ ይነሳል፤ ተውኩት።

ከዚያ ራሴ በውኃ አፍልቼ ሞከርኩት። ከፋርማሲው ያንሳል እንጂ ይሠራል፤ ብናደድም ያየሁትን አልክድም። በሳህን ላይ መሥራቱ ግን በሰው አፍ ለመሥራቱ ማስረጃ አይሆንም። ድዱ መግል ለያዘ ሰው የፋርማሲውን ስጪ፤ ጥርስ ያጠቁራል ያልሽው እውነት ቢሆንም።

በውኃ የተፈላው ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ከመፈረሜ በፊት ትኩስ ናሙና ደጋግሜ ማየት አለብኝ። በሌላ ሰው እጅ የመጣ አልቀበልም፤ ራስሽ አፍልተሽ፣ ራስሽ ይዘሽ ነይ። የምርመራ ሥርዓት ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። ከሰዓት መመለሻ መኪና ካጣሽ የልጆቹ ክፍል ባዶ ነው፤ አንሶላውን ትናንት ቀይሬዋለሁ።

አምላክ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ መንገድሽንም ያቅናልሽ።

የልጆችሽ አባት