ቅዳሴ የታጎለበት እሁድ

ይድረስ ለወንድሜ ለቄስ ደምሴ፤ እንደምን ከርመሃል? የአዲስ አበባው ብርድ እንዴት ይዞሃል? ወገብህንስ ተሻለህ? ቤተሰብህስ? እኔ እህትህ ከንዴቴ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ላሞቹም ገብሱም ደኅና ናቸው፣ ተመስገን። ካህን ነህና አንቱ ልልህ ይገባ ነበር። ግን አዝዬ ያሳደግሁህ ነኝና ዛሬ አንተ እያልኩ እቆጣሃለሁ።

ባለፈው እሁድ በደብራችን በአቦ ቅዳሴ ታጎለ። ሰማህ? ሁለቱ ቄሶችና ሁለት ዲያቆናት ቆመው፣ አምስት የሚሞላ ሦስተኛ ዲያቆን ጠፋ። የዓለሚቱ የልጅ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ለክርስትና መጥታ ነበር፤ ሳትጠመቅ፣ ሳትቆርብ በዚያ ብርድ ታቅፈዋት ተመለሱ። እናቷ ቤቷ እስክትደርስ አለቀሰች።

ዲያቆን ከየት ይምጣ? የሚቀድሱልን የየኔታ ይርጋ ተማሪዎች ነበሩ። የኔታ አርቀው አስበው፣ «ልጆቹ ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት ይዋሉ፣ ማታና ንጋት ከእኔ ይማሩ፤ ልመናው ይቅርና ቀለባቸውን ምእመናን ይቻሉ፤ አለዚያ ነገ ተማሪ አናገኝም» ብለው ለሰበካ ጉባኤው አቀረቡ። እኛ ሴቶቹም በየቤታችን አንድ አንድ ተማሪ ልንይዝ ተስማማን። ምክትል ሊቀመንበሩ አቶ ይሻው ግን ላንተ ደወለ፤ ስልኩንም ድምፅ ማጉያው ላይ አስጠግቶ አሰማን። አንተም፣ «የቆሎ ተማሪ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ካልለመነ ትምህርቱ አይባረክለትም፤ የአባቶች ሥርዓት አይነካም» አልክ። ሰዉም የአዲስ አበባ ካህን ተናገረ ብሎ የየኔታን ሐሳብ ጣለው። ሳምንት ሳይሞላ ልመና የመረረው ተማሪ ተበተነ፤ ግማሹ ደብረ ታቦር ወርዶ ባጃጅ ይነዳል።

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ! እኛ ሳይቃጠል በቅጠል ስንል አንተ ከሩቅ ሆነህ አራገብከው። አሁን ደግሞ የይፋግ ሰዎች የኔታን ሊወስዱ ሽማግሌ ልከዋል። እዚያ ተማሪው በየቤቱ ተከፋፍሎ ይበላል፣ ይማራል። የኔታ ከሄዱ አቦ ይዘጋል፤ አባታችን ያረፈበት ግቢ ሣር ይበቅልበታል። ስለዚህ በመጪው እሁድ በዚያው ማጉያ «ተሳስቻለሁ» በል። የሚሰሙት አንተን ነው፤ እኔንማ ማን ሰምቶኝ።

ባለቤቴ ጥላዬ ሰላም ይልሃል፤ እሱም ተቀይሞሃል። ልጄ ማርያማዊት ጉልበትህን ትስማለች። ለባለቤትህ ለፀጋ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ልጃችሁ በረከት በመኪና እየተመላለሰ የሚማርበት ጥሩ ትምህርት ቤት እንደገባ ነግራኛለች፤ እሰይ፣ ያሳድገው። አንተ ግን ከቃልህ አልወርድም ካልክ፣ ልጅህን ከዚያ አውጣና ደበሎ አልብሰህ፣ አኮፋዳ አስይዘህ ወደዚህ ላከው። እንደ ሥርዓቱ ከየደጁ ለምኖ ይማር። እኔም ውሻዬን አስሬ እጠብቀዋለሁ።

እህትህ ፈንታነሽ
ከጉና ሥር፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም.