ወንዝ ያጠበው ፊልም

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፤ ያስቸገረን ናፍቆትሽ ብቻ ነው።

ያ የወንዝ ፊልሜ በመጨረሻ በፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። ቀርጬ ስጨርስ፣ ፎቶ ቤት ከሚታጠብ ወንዙ ራሱ ይጠበው ብዬ ከጓሯችን በታች ዘፍዝፌው ነበር። ሳወጣው ምስሉ ተልጦ አልቋል። የቀረው አረንጓዴና ሐምራዊ ዝልግልግ ነው፤ ሽታው ያጥወለውላል። ተበላሽቷል ብላቸውም አዘጋጆቹ በግድ አሳዩት። ሰዉ ቆሞ አላጨበጨበም መሰለሽ! አንዷ ሃያሲ «ተፈጥሮ እንዴት ያለች ሠዓሊ ናት!» ስትል አላስቻለኝም።

«ኧረ ተፈጥሮ አይደለችም፤ ከላይ ያለው ቆዳ ፋብሪካ የተፋው ነው» አልኳት።

«ይሄማ ይበልጥ ጥልቅ ነው!» ብላኝ አረፈች። ጥልቀቷን ይዛ ትጥለቅ!

እማዬ አትክልቷን ዛሬም ከዚያው ወንዝ እየቀዳች ታጠጣለች። ጓንት ብገዛላት አላጠልቅም አለች፤ እጄን የላጠኝ ሳሙና ነው ባይ ናት። ቲማቲሟ ዘንድሮ ጉድ ነው። ለእርጉዝ ጥሩ ነው ብላ አድርቃ ልትልክልሽ ተነስታለች፤ «እዚሁ ወንዝ ወርጄ በደንብ አጥቤ ነው የምልክላት» ትላለች።

አደራሽን እታለም፣ እዚህ ሞልቶ ተርፏል በያት።

በሰላም ተገላግለሽ ድምፅሽን ያሰማን።

ታናሽ ወንድምሽ