የአባዬ ስም ያለበት ጥናት

ነገሌ፣ ሐሙስ የካቲት 10 ቀን 2014 ዓ.ም.

ተመስገን! አባዬ አንገቱ ላይ ያበጠው ካንሰር አይደለም፤ ቲቢ ነው። በመድኃኒት ይድናል።

ከሐዋሳ የመጣሁት ክፉውን ለመስማት ልቤን አጽንቼ ነበር። በዚህ ቆላ ካንሰር የሚመስል የአንገት እብጠት ብዙ ጊዜ ቲቢ ሆኖ እንደሚገኝ አጥንቼ ያሳተምኩት እኔው ነኝ። አባቴ አንገት ላይ ሳየው ግን የጻፍኩት ሁሉ ጠፋኝ። ደግሞ ጥናቴን የሚጠቅሰው የለም፣ የሚያነበውም የለም እያልኩ ስነጫነጭ ነው የከረምኩት።

ዛሬ ሐኪሙን "ቲቢን እንዴት ጠረጠርክ?" አልኩት።

"ደበበ የሚባል ሰው ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው ጥናት አለ። ፈልገሽ አንብቢው" አለኝ ኮስተር ብሎ።

ከፊርማው በቀር ምንም የማይጽፈው ጡረተኛው ወታደር አባዬ ከአልጋው ቀና አለ። "ዶክተር፣ ደበበ እኮ እኔ ነኝ። ምን ጽፌ ነው?"

ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡብኝ። የሳይንስ መጽሔቶች አጥኚን የሚጠቅሱት በአባት ስም መሆኑን እንደምንም አስረዳሁት።

ሰፈር ስንደርስ ጎረቤታችን "ናጋ?" ብላ በኦሮምኛ ደህንነቱን ጠየቀችው ከበሯ ላይ ሆና።

"ናጋ ነው" አላት አንገቱን እየዳሰሰ። "የጻፍነው ጥናት አዳነኝ።"